ፓኬጅ ለራስ ብቻ ልጫን ወይስ ለኮምፒውተሩ ሁሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄ ገጽ ኮምፒውተር ለሚጋራና ፓኬጅ፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን ኮድ፣ ለሚጭን ሰው ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላብ ውስጥ ለሚሰሩ ተማሪዎች፣ ደሴ ፒያሳ ወይ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሱቅ ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ ለሶስት ለሚጠቀሙ ልጆች፣ ቤት ውስጥም ከወንድም ከእህት ጋር አንድ ላፕቶፕ ለሚሻሙ። ብዙው ወሬ ስለ ፓይተን ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው የሚመጣው ከዛ ነው፣ ስለ ስታቲስቲክሱ ቋንቋ ስለ አርና ስለ ጃቫስክሪፕቱ ኖድም ትንሽ ትንሽ ብያለሁ። ኮማንዶቹን በአነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው፣ እናንተ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ትንሹ ፊደል አድርጉት፣ ሰረዙና ክፍተቱ እንዳለ ይሁን።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድነው?

ፓኬጁ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ያየዋል፣ በቃ ይሄው ነው። ለኮምፒውተሩ ሁሉ ሲጫን ሊኑክስ ላይ ዩኤስአር የሚባለው ፎልደር ስር፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይገባል፣ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ከዛ በኋላ በዛ ማሽን ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ያገኘዋል። ለራስ ብቻ ሲጫን ግን የራሳችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው የሚገባው፣ ለፓይተን ሊኑክስ ላይ ነጥብ ሎካል የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ እዛ ይሄዳል፣ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ሌላ ዩዘር ገብቶ ቢፈልገው አያገኘውም። ሶስተኛ መንገድም አለ፣ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ፣ እዛው ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ መጫን። ሰው ሁለቱን ሲያወዳድር ይሄኛውን ይረሳዋል እንጂ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው እሱን ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የአድሚን ፓስወርድ የለኝም፣ ምንም መጫን አልችልም ማለት ነው?

አብሽሩ፣ ትችላላችሁ። የፓይተን ፓኬጅ የሚጭነው ፒፕ ከ20.0 ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ወዲህ፣ ዋናው ፎልደር ላይ መጻፍ ካልተፈቀደለት ራሱ ወደ እናንተ ሆም ይዞረዋል፣ ስክሪኑ ላይም ዋናው ቦታ መጻፍ ስለማይቻል ወደ ዩዘር ኢንስታሌሽን ዞሬያለሁ የሚል አንድ መስመር ያወጣል። ብዙ ልጆች ያንን መስመር ኤረር ይመስላቸውና አቋርጠው ይወጣሉ። ኤረር አይደለም፣ ተዉት ይጨርስ። በግልጽ ማዘዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ

ፒፕ ኢንስቶል --ዩዘር ፓንዳስ

ነው የሚባለው፣ አዳዲሶቹ ኡቡንቱና ዴቢያን ግን ይሄን ይከለክላሉ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ሌሎቹ ቋንቋዎችም መንገድ አላቸው፣ ረስት የሚባለው ቋንቋ መጫኛ ካርጎ ጭራሽ ከመጀመሪያውም የሚጭነው ሆም ውስጥ ነው፣ ሩቢ ዩዘር ኢንስቶል የሚል ምርጫ አለው፣ ሚኒኮንዳ የሚባለው የፓይተን ጥቅልም ሙሉውን ሆም ውስጥ ይቀመጣል አድሚን የሚባል ሳይነካ።

ሱዶ ስጨምርበት ይሰራልኛል፣ ታዲያ ለምን አትጠቀሙ ትላላችሁ?

ይሄ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እኮ። ሱዶ ማለት ሊኑክስ ላይ ኮማንዱን በዋናው አድሚን፣ በሩት ስልጣን የሚያስኬድ ቃል ነው። አዎ ይሰራል፣ ችግሩም ዛሬ መስራቱ ነው፣ ጣጣው የሚመጣው ከወር በኋላ ስለሆነ ማንም ከዛች ኮማንድ ጋር አያገናኘውም። ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት ሊኑክሶች ራሳቸው በፓይተን የተጻፉ ነገሮች አሏቸው፣ ፋየርዎሉ ዩኤፍደብሊው በፓይተን ነው፣ የሴኪዩሪቲ አፕዴት በራሱ የሚያወርደው ፕሮግራምም በፓይተን ነው፣ እነዚህ የሚሰሩት አፕት የሚባለው የሲስተሙ መጫኛ ካስቀመጠላቸው ፓኬጅ ጋር ነው። ሱዶ ፒፕ ስትሉ ፒፕ አዲሱን ቨርዥን ዩኤስአር ሎካል ስር ያስቀምጠዋል፣ ፓይተን ደግሞ ያንን ቦታ ከአፕት ቦታ ቀድሞ ስለሚያየው ሲስተሙ ሳያውቅ ሌላ ቨርዥን መጠቀም ይጀምራል። ተከራይ የበዛበት ግቢ አስቡት፣ ክፍልህ ውስጥ አልጋህን ብታዞር ማንም አይጠይቅህም፣ የግቢውን ቆጣሪ ከነካካህ ግን ሁሉም ቤት ይጨልማል።

የምናውቀው ምሳሌም አለ። በፈረንጆቹ 2018 ሚያዝያ ላይ ፒፕ 10 ሲወጣ ኡቡንቱ ላይ ሱዶ ብለው ፒፕን ራሱን አፕግሬድ ያደረጉ ሰዎች በነጋታው ፒፕ ብለው ሲጽፉ ሜይን የሚባለውን ኢምፖርት ማድረግ አልቻልኩም የሚል ኤረር ይመጣባቸው ጀመር። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ኡቡንቱ ያስቀመጠው ትንሹ ማስጀመሪያ ስክሪፕት በቀድሞው ፒፕ ውስጥ የነበረ ነገር ይጠራል፣ አዲሱ ፒፕ ደግሞ ያንን ነገር ከቦታው አንስቶታል። ሁለት አለቃ ያለው ቤት እንደዚህ ነው የሚሆነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሴኪዩሪቲው ጉዳይ ነው። አንዳንድ ፓኬጅ ገና ሲጫን ነው የራሱን ኮድ የሚያስኬደው፣ ሱዶ ካላችሁ ያ ኮድ የሚሄደው በሩት ስልጣን ነው። የታወቀ ፓኬጅ ስም በአንድ ፊደል ለውጠው ቫይረስ የሚያስቀምጡ ሰዎች እንዳሉ ይታወቃል፣ በችኮላ አንድ ፊደል ከሳታችሁና ሱዶ ከነበረ ማሽኑ የእነሱ ሆነ ማለት ነው። ያለ ሱዶ ቢሆን ጉዳቱ የእናንተው አካውንት ላይ ነው የሚቀረው፣ እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን የሌሎቹን አይነካም።

እሱን ካነሳን አይቀር የሲስተሙን ፓይተን 3 በአዲስ ቨርዥን ለመቀየር አትሞክሩ። ኡቡንቱ ላይ ዲፎልቱን ካዞራችሁት ተርሚናሉ ራሱ አልከፈት ሊል ይችላል፣ አፕትም የራሱን ሞጁል አጣሁ ብሎ ያማርራል። አዲስ ፓይተን ከፈለጋችሁ በጎን ጫኑት፣ ዋናውን ተዉት።

ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮመንት የሚል ኤረር መጣብኝ፣ ድሮ አልነበረም፣ ምንድነው?

ከላይ ያለውን ጣጣ ለማስቀረት የመጣ ነገር ነው። ፔፕ 668 በሚባል ስምምነት መሰረት ዲስትሪቢውሽኑ (እነ ኡቡንቱ) ይሄ ፓይተን የኔ ነው ፒፕ እንዳይነካው ብሎ ምልክት ያስቀምጣል፣ ኡቡንቱ ከ23.04 ጀምሮ፣ ዴቢያን ደግሞ በ2023 ከወጣው 12 ጀምሮ እንደዚህ ናቸው፣ ስለዚህ ኡቡንቱ 24.04 የጫነ ሰው ሁሉ ያገኘዋል። ሰውን የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፣ ዩዘር የሚለውን ብትጨምሩም ይከለክላል። ምክንያት አለው፣ ሆማችሁ ውስጥ ያለው ፓኬጅ እናንተ የምታስነሱትን የሲስተም ፕሮግራም ሊያበላሽ ስለሚችል ነው።

ኤረሩ ራሱ ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ የሚል ማለፊያ ይነግራችኋል፣ ስሙን አይታችሁ ፍረዱ። ትክክለኛው መንገድ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት፣ ባጭሩ ቬንቭ ነው፣ ያ ከላይ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ያልኩት ሶስተኛው መንገድ፦

ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ ፕሮጀክቴ

ብላችሁ ትፈጥራላችሁ፣ አክቲቬት ታደርጉታላችሁ፣ ከዛ ውስጥ ፒፕ እንደልባችሁ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። አንድ ነገር ግን አለ፣ ኡቡንቱ ላይ ይሄ ቬንቭ የሚባለው ለብቻው በአፕት የሚጫን ነው፣ ስለዚህ የላቡ አድሚን አንድ ጊዜ ፓይተን3-ቬንቭ የሚለውን ካልጫነ ተማሪው እዛው ላይ ይቆማል። የላብ ኃላፊ የሆናችሁ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ እሱን ጫኑላቸው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ላይብረሪ ሳይሆን ኮማንድ ሆኖ የሚሰራ ነገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ፒፕኤክስ የሚባለውን ተጠቀሙ፣ ለያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቬንቭ ሰርቶ ኮማንዱን ብቻ ያወጣላችኋል።

ላብ ውስጥ ለ30 ኮምፒውተር ነው የምጭነው፣ ሁሉም ተማሪ ለየብቻው ይጫን ልበል?

አይ፣ እዚህ ላይ ለሁሉም መጫን ነው የሚሻለው። ኮርሱ ኑምፓይ፣ ፓንዳስ፣ ማትፕሎትሊብ የሚፈልግ ከሆነና ሴሚስተሩን ሙሉ የማይቀየር ከሆነ አንዴ በአፕት ጫኑት፣ ፓይተን3-ፓንዳስ ብላችሁ፣ አፕዴቱም ከሲስተሙ ጋር ይመጣል። ተማሪ ሁሉ አንድ አይነት ቨርዥን ይኖረዋል፣ መምህሩ ቦርድ ላይ የጻፈው ኮድ እኔ ጋ አይሰራም የሚል ጭቅጭቅ ይቀራል። የኔ መለኪያ ይሄ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ከሆነና የሚያድሰው ሰው ካለው ለሁሉም ይጫን፣ አንዱ ከጎደለ ግን ወደ ሆም ወይ ወደ ፕሮጀክት። ለሁሉም ተብሎ ተጭኖ ባለቤት የሌለው ፓኬጅ ነው ላብ የሚያበላሸው፣ የጫነው ሰው ተመርቆ ሄዷል፣ ለምን እንደተጫነ የሚያውቅ የለም፣ ላጥፋው ሲባል ሁሉም ይፈራል።

ሁለት ነገር ግን አረጋግጡ። ተማሪው ሁሉ ስቱደንት በሚል አንድ አካውንት የሚገባ ከሆነ ለራስ ብቻ የሚባለው ነገር የለም፣ የጠዋቱ ክፍል የጫነውን የከሰዓቱ ያገኘዋል፣ ያጠፋዋልም። ሌላው ዲፕ ፍሪዝ የሚባለው ማሽኑን ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም ነው፣ እሱ ያለበት ማሽን ሪስታርት ሲደረግ የተጫነው ሁሉ ይጠፋል፣ ለራስም ይሁን ለሁሉም ለውጥ የለውም፣ መብራት ብልጭ ካለ ስራችሁም አብሮ ሄደ። እንደዛ ከሆነ ቬንቩን ያልታሰረ ድራይቭ ላይ ካለ እዛ፣ ከሌለ ፍላሽ ላይ አድርጉት፣ ቬንቭ ቦታው ሲቀየር ስለሚሰበር ግን አንዱ ማሽን ላይ የሰራችሁትን ሌላው ላይ ሰክታችሁ ይሰራል ብላችሁ አትጠብቁ።

እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ከጫነ ስንት ዳታ ሊፈጅ ነው?

ትክክለኛ ጭንቀት ነው፣ ውጭ ያሉት የሚጽፉት መመሪያ ይሄን አያስበውም። በሞባይል ዳታ ለሚሰራ ሰው ፓይቶርችን ከነግራፊክስ ካርድ ፋይሎቹ ማውረድ ጊጋባይቶች ነው፣ አምስት ልጅ አምስት ጊዜ ቢያወርደው አስቡት። መፍትሄው አንድ ሰው ማውረድ፣ ሌላው ከፍላሽ መጫን ነው። ኔት ያለው ሰው

ፒፕ ዳውንሎድ ፓንዳስ -ዲ ፓኬጆች

ይላል፣ ፓንዳስን ብቻ ሳይሆን ፓንዳስ የሚፈልጋቸውን እነ ኑምፓይን ሁሉ ፓኬጆች በሚባል ፎልደር ውስጥ ይሰበስባቸዋል። ፎልደሩን በፍላሽ ወስዳችሁ ኔት የሌለው ማሽን ላይ

ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ=ፓኬጆች ፓንዳስ

ስትሉ ኔት ሳይነካ ከዛው ይጭናል። ቬንቭ ውስጥም፣ ሆም ውስጥም ይሰራል።

ተጠንቀቁ የምለው የፋይሉን ስም ነው። ፎልደሩን ከፍታችሁ ስታዩ የኑምፓዩ ስም መሃል ላይ ሲፒ312 የሚል አለ፣ ያ ማለት ለፓይተን 3.12 ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ዊን ኤኤምዲ64 ካለ ለ64 ቢት ዊንዶውስ ነው፣ ሜኒሊኑክስ ካለ ለሊኑክስ። ኡቡንቱ ላይ አውርዳችሁ ወደ ዊንዶውስ ብትወስዱት እንቢ ይላል፣ ፓይተን 3.12 ላይ አውርዳችሁ 3.10 ላይም እንደዛው። መጨረሻው ነን ኤኒ የሚል ከሆነ ግን ሁሉም ዘንድ ይሄዳል። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር የምትካፈሉ ከሆነ መጀመሪያ ተነጋግራችሁ አንድ አይነት ፓይተን ጫኑ፣ ይሄ ብቻ ግማሹን ጣጣ ያስቀራል። 32 ቢት ዊንዶውስ ያለው አሮጌ ማሽን ከሆነ ደግሞ ቴንሰርፍሎና ፓይቶርች ለሱ የሚሆን ፋይል የላቸውም፣ ፍለጋው ላይ ዳታ አታባክኑ።

አንድ ማሽን ላይ ብቻችሁን ብዙ ቬንቭ የምትሰሩ ከሆነ አትስጉ፣ ፒፕ አንዴ ያወረደውን ካሽ በሚባል ማስቀመጫ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ሁለተኛውን ጊዜ ከዛ ነው የሚያመጣው። ዲስክ ላይ ግን ኮፒው ይደጋገማል፣ እሱን ለመቀነስ ዩቪ የሚባለው አዲሱ መሳሪያ ይሻላል፣ ካሹና ፕሮጀክቱ አንድ ድራይቭ ላይ እስከሆኑ ድረስ ፋይሉን ሳይደግም ያገናኘዋል።

ጭኜዋለሁ፣ ተሳክቷል ብሎኛል፣ ስጠራው ግን ሞጁሉ የለም ይለኛል!

ዘጠና በመቶው እዚህ ነው የሚገባው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማሽኑ ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን አለ፣ ፒፑ የአንዱ ነው፣ የምታስኬዱት ደግሞ ሌላኛውን። መጀመሪያ ፒፕን ለብቻው መጥራት ተዉና

ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ

በሉ፣ እንደዚህ ሲሆን የሚጭነው ለዛው ለጠራችሁት ፓይተን ነው። ከዛ ፒፕ ሾው ፓንዳስ ብላችሁ ሎኬሽን የሚለውን መስመር እዩ፣ የት እንደተቀመጠ እዛ ተጽፏል። ፓይተን -ኤም ሳይት ስትሉ ደግሞ ፓይተኑ የት የት እንደሚፈልግ በቅደም ተከተል ይዘረዝርላችኋል። ሁለቱን አስተያዩ፣ ካልገጠሙ መልሱን አገኛችሁ።

ለራስ ብቻ የጫነ ሰው የሚያጋጥመው ሌላ ወጥመድም አለ። ስክሪፕቱን ሱዶ ብሎ ያስነሳዋል፣ ሱዶ ሲሆን የሚሰራው ሩት ነው፣ ሩት የእናንተን ሆም ውስጥ አይፈልግም፣ ስለዚህ የለም ይላል። ስራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ክሮን ላይ ሩት ስር ያስቀመጣችሁት ስራም እንደዛው፣ ሌሊት ሪፖርት ይልካል ያላችሁት ስክሪፕት ጠዋት ምንም ሳይልክ ታገኙታላችሁ። ክሮኑን በራሳችሁ ዩዘር አድርጉት፣ ወይ የቬንቩን ፓይተን ሙሉ አድራሻውን ጽፋችሁ ጥሩት። ጁፒተር ላይ የሚቸገር ደግሞ ሴሉ ውስጥ የፐርሰንት ምልክት አስቀድሞ ፒፕ ኢንስቶል ይበል፣ ያኔ የሚጫነው ለዛው ለተከፈተው ከርነል፣ ማለትም ሴሉን ለሚያስኬደው ፓይተን ነው።

ለሁሉም የተጫነም አለ፣ ሆሜ ውስጥም አለ፣ የቱ ነው የሚያሸንፈው?

የእናንተ። ፓይተን ሲፈልግ የሆሙን ከሲስተሙ ቀድሞ ያያል። ለዛ ነው ሁለት ልጅ እዛው ማሽን ላይ ያንኑ ኮድ አስኪዶ አንዱ ጋ ሰርቶ ሌላው ጋ የሚበላሸው፣ አንደኛው ከስድስት ወር በፊት ዩዘር ብሎ የጫነው አሮጌ ፓንዳስ ሆሙ ውስጥ ተኝቷል፣ ረስቶታል። ለማረጋገጥ ፓይተን -ኤስ ብላችሁ አስነሱ፣ ሆሙን ትቶ ይሰራል፣ ያኔ ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ፣ ፒፕ ሊስት --ዩዘር ብላችሁ ያለውን አይታችሁ አውጡት። ቬንቭ ውስጥ ግን ይሄ ጣጣ የለም፣ በዲፎልት የሆሙንም የሲስተሙንም አያይም፣ ከላይ እሱን ነው የማስበልጠው ያልኩት ለዚህ ነው።

ኮማንድ ኖት ፋውንድ ይላል

ፓኬጁ ገብቷል፣ ኮማንዱ ያለበት ፎልደር ግን ፓዝ ውስጥ፣ ማለትም ሲስተሙ ኮማንድ በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ሊኑክስ ላይ ሆም ውስጥ ነጥብ ሎካል ስር ቢን የሚባለው ነው። ኡቡንቱ ይሄን ፎልደር በራሱ ፓዝ ላይ ይጨምረዋል፣ ግን ሎግኢን ስታደርጉ ፎልደሩ ካለ ብቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫናችሁ ፎልደሩ አሁን ነው የተፈጠረው ማለት ነው፣ ስለዚህ ሎግ አውት አድርጋችሁ ግቡ፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል።

ዊንዶውስ ላይስ?

ፓይተንን ከኦፊሻል ሳይቱ ስትጭኑ ዝም ብላችሁ ኢንስቶል ናው ካላችሁ ለእናንተ ብቻ ነው የሚጫነው፣ አፕዳታ ውስጥ። ለሁሉም ከፈለጋችሁ ከስተማይዝ ገብታችሁ ለሁሉም ዩዘር የሚለውን ምረጡ፣ አድሚን ይጠይቃል። ፓዝ ላይ ጨምር የሚለውን ታች ያለችውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አትርሱ፣ ሳትመርጡ ካለፋችሁ ፓይተን ብላችሁ ስትጽፉ የማይክሮሶፍት ስቶር ይከፈትባችኋል። ቤት ውስጥ ለሚጋራ ላፕቶፕ እኔ ፓይተኑን ለሁሉም፣ ፓኬጁን በየፕሮጀክቱ ነው የምለው። የዊንዶውስ ዩዘር ስማችሁ ክፍተት ካለው ወይ በአማርኛ ፊደል ከሆነ ደግሞ አንዳንድ መሳሪያ ስለሚደናገር ፕሮጀክቱን ሲ ድራይቭ ላይ አጭር ስም ባለው ፎልደር አድርጉት።

አር ነው የምጠቀመው፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ዳታ

የጤና ተማሪዎች ጥያቄ ነው ይሄ በብዛት። አር ዋናው ላይብረሪ ላይ መጻፍ ካልቻለ ፐርሰናል ላይብረሪ ልጠቀም ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ የስ በሉ፣ አለቀ። ማወቅ ያለባችሁ ያ ፎልደር በአር ቨርዥን የተለየ መሆኑን ነው፣ ከ4.3 ወደ 4.4 ስትሄዱ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ፓኬጆቹን እንደገና ትጭናላችሁ፣ ስለዚህ ዲፌንስ ሲደርስ አርን አፕዴት አታድርጉ። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ክራን ከሚባለው የአር ፓኬጆች ማከማቻ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሶርስ ኮድ ስለሆነ ታይዲቨርስን መጫን ማሽኑን ለረጅም ሰዓት ያስጨንቀዋል፣ አድሚን የሆነ ሰው በአፕት አር-ክራን-ታይዲቨርስ ብሎ ቢጭንላችሁ የተዘጋጀው ነው የሚመጣው፣ ቨርዥኑ ትንሽ ያረጀ ቢሆንም።

ኖድስ? ኤንፒኤም ኢአክሴስ ይለኛል

ኤንፒኤም የኖድ ፓኬጅ መጫኛ ነው፣ ኢአክሴስ ሲል መጻፍ አልተፈቀደም ማለቱ ነው። የሚመጣው -ጂ የሚለውን ስለጨመራችሁ ነው፣ ጂ ማለት ለሁሉም ነው። ያለ ጂ ስትጭኑ ፕሮጀክቱ ውስጥ ኖድ ሞጁልስ ላይ ይገባል፣ ኤንፒኤም ከመጀመሪያውም የተሰራው እንደዛ ነው። ኮማንዱ የግድ ሁሌም እንዲገኝ ከፈለጋችሁ የኤንፒኤምን ፕሪፊክስ ወደ ሆማችሁ አዙሩት፣ ሱዶ አትጨምሩ።

እንዴት ነው የማጠፋው? ዲስኩ ሞላ

ቬንቭ ከሆነ ፎልደሩን ደምስሱት፣ ሌላ ምንም የለውም። ከመደምሰሳችሁ በፊት ፒፕ ፍሪዝ ብላችሁ ዝርዝሩን ፋይል ላይ አስቀምጡ፣ መልሳችሁ መስራት ከፈለጋችሁ ይጠቅማል። ለራስ ብቻ የተጫነውን ፒፕ አንኢንስቶል ይነቅለዋል፣ አብረውት የመጡትን ግን አይነቅልም፣ እነሱን አንድ በአንድ ነው። በአፕት የተጫነውን በአፕት ብቻ አንሱ፣ የፒፕ እጅ አይግባበት። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ቦታው አሁንም ካልተለቀቀ ፒፕ ካሽ ፐርጅ በሉ፣ ፓይቶርች ያወረደ ሰው እዛ ውስጥ ጊጋባይቶች ያገኛል፣ ጓደኛችሁ በፍላሽ እንዳይፈልገው ብቻ መጀመሪያ ጠይቁት።